የሟች ጆሮ

አቶ ኣምደሚካኤል ሞተው የተገኙት ከመውደቅ ሊያድናቸው ይችል ከነበረው ብረት አጠገብ ነው። የሦስተኛው ፎቅ የኋላ በረንዳ መከለያ ምድር ቤት ባለው ብረት ቤት ተሠርቶ ካለቀ አራት ወር ሆኖታል፤ ቀለም ብቻ ነው የቀረው እየተባለ ከጓሮው ግንብ ጋር ተደግፎ ከርሟል። አስከሬኑ ከዚያው ብረት ሥር፣ በቁርጥራጭ ላሜራ መካከል ተጋድሞ ነበር። ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ቦሌ ሚካኤል።

ያገኛቸው ዘበኛው ሐሩን ነው። የውኃ ፓምፕ ሊያስነሳ ወደ ጓሮ ሲዞር አያቸው፤ ጮኸ፤ ከላሜራው ውስጥ ጎትቶ አወጣቸው፤ እጁና ሸሚዙ ደም ሆነ። ፖሊስ ሲደርስ በግቢው ውስጥ ደም የነካው ሰው እሱ ብቻ ስለነበር እሱን ይዞ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ፋይሉ ኢንስፔክተር ሣባ ዑቕባዝጊ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሽፋኑ ላይ «ለማጠቃለያ» ይላል። ሣባ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ «ለማጠቃለያ» የተባለ ፋይል ሲደርሳት ከመጀመሪያው ገጽ የመጀመር መጥፎ ልማድ አለባት።

«ምኑን ታነቢዋለሽ?» አላት አለቃዋ ኮማንደር ይሕደጎ፣ በበሩ አንገቱን አስግጎ። «ዘበኛው ነው።»

«ማን አለ?»

«ኮምፒዩተሩ።»

ኮምፒዩተሩ ያለው ይህንን ነው፦ አቶ ኣምደሚካኤል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ድረስ ሥራቸው ላይ ነበሩ፤ በስማቸው የገባው ሥራ ደቂቃው ሳይቀር ተመዝግቧል። የበሩ መዝገብ ደግሞ ሌሎቹ ሠራተኞች እስከ ስምንት ተኩል ግቢውን ለቀው መውጣታቸውን ያሳያል። የብረት ቤቱ ልጆችም ስምንት ሰዓት ላይ ዘግተው ሄደዋል። ከሟች ጋር የቀረው ሐሩን ብቻ ነው።

«የበሩን መዝገብ የጻፈው ራሱ ሐሩን ነው» አለች ሣባ። «ሰው ገድሎ፣ ብቻዬን ነበርኩ ብሎ በእጁ ጽፎ የሚያስቀምጥ ዘበኛ ገጥሞዎት ያውቃል?»

«ሣባ፣ ዓርብ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ጥያቄዋን በቀን መለሰላት።

ጣቢያው በር ላይ የሐሩን ሚስት ሲቲ ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። አራተኛ ቀኗ ነው።

«ይቀበሉሻል?» አለቻት ሣባ።

«ምሳ ዕቃውማ ይገባል፤ ይመለሳልም። ሰውየው ነው የማይመለሰው።»

ሐሩን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሳጅኑ የጻፈው ቃሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

«ከሟች ጋር በሬዲዮ ምክንያት ትጣሉ ነበር ይላል» አለችው።

«መጣላት አይባልም። ዜናውን ወንድ ሲያነበው "ሐሩን፣ ቀንሰው" ይሉኛል። ሴቷ ስታነበው ደግሞ "ምን አለች? ከፍ አድርገው" ይሉኛል። ስቀንስ ስጨምር ነው የኖርኩት።»

ሣባ ይህንን ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው ገና አላወቀችም።

«ቅዳሜ መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«ጠዋት ሲገቡ። ስምንት ሰዓት ላይ ምሳቸውን ይዤ ደረጃው ሥር ሆኜ ጠራኋቸው፤ ሦስት ጊዜ። አልመለሱም። ያ ጆሯቸው ላይ የሚደፉት አለ አይደል፣ እሱ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ይህ እዚህ ቃልዎ ላይ የለም።»

«ነግሬዋለሁ እኮ። ሳጅኑ "አልመለሱም ማለት ምንም አልሆነም ማለት ነው፣ አይጻፍም" አለኝ።»

ሣባ ዓይኗን ጨፍና እስከ አምስት ቆጠረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ እስከ አሥር ከመቁጠር ወደ አምስት አውርዳዋለች፤ ጊዜ የለም።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ ግድግዳው በሙሉ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል፤ የውጭው ድምፅ እንዳይገባ። ምድር ቤት ያለው ግራይንደር ግን ካርቶኑን ንቆ በወለሉ ይገባል። የድርጅቱ ባለቤት አብኔዘር አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ እጁን ሲዘረጋላት ሌላኛው እጁ ስልክ ላይ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ሶሪ፣ ሚቲንግ ላይ ነበርኩ። ትልቅ ሎስ ነው የደረሰብን።»

«እዚህ ምንድነው የምትሠሩት?»

«ዶልፊን።»

ሣባ መስኮቱን አየች። የቦሌ ሚካኤል ጣሪያዎች ናቸው የሚታዩት።

«ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ቀይ ባሕር ውስጥ ማይክ ይጥላሉ። ቀረጻው በኢንተርኔት ይመጣልናል። የኛ ሰዎች ያዳምጡና ዶልፊን ባፏጨ ቁጥር ማን እንዳፏጨ፣ ማንን እንደጠራ ምልክት ያደርጋሉ።»

«ማንን እንደጠራ?»

«ስም አላቸው እኮ! እያንዳንዱ የራሱ ፉጨት አለው። ሌላው ሲፈልገው ያንኑ አስመስሎ ያፏጫል፤ ባለቤቱ ይመልሳል።»

«ከኛ በምን ይለያሉ ታዲያ?»

«ሲጠሩ ይመልሳሉ» አለ ከጥጉ ሌላ ሰው። ማሞ ይባላል፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከሁለቱ አዳማጮች አንዱ። ይህን ሲል ሄድፎኑን ከጆሮው አላወረደም።

ሣባ ጥያቄዋን ቀጠለች። ሥራው በጆሮ ብቻ ነው የሚሠራው። ኮምፒዩተር የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በመስመር የሚስልበት ሥዕል ውጭ ባሉት ሰዎች እጅ ነው፤ ሥዕል ያየ ሰው የሰማ ይመስለዋል ብለው ከልክለዋል፤ የጆሮውና የሥዕሉ ውጤት የሚወዳደረው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ነው። አቶ ኣምደሚካኤል አራሚ ነበሩ። የሌሎቹን ምልክት መልሰው ያዳምጡና ወይ «አለ» ወይ «የለም» ይላሉ። ከሳቸው በኋላ ይግባኝ የለም።

«ከሳቸው ጋር ተስማምታችሁ ነበር የምትሠሩት?»

አብኔዘር ስልኩን ገለበጠው። «ሪፖርቱ ላይ "ዶልፊኖች ቋንቋ አላቸው" የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር! ፕሮጀክቱ በሱ ነበር የሚታደሰው። ጋሽ ኣምዴ አልፈርምም አሉ። "ስም አላቸው፤ ቋንቋ አላቸው አልልም።"»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«እስከ ስምንት ተኩል ቢሮዬን ዘግቼ ኦንላይን ስብሰባ። ከዚያ ለሚ ኩራ፣ ቤት እያሠራሁ ነው። ፎርማኑን ይጠይቁት።»

«ከቀረጻዎቹ አንዱን ራስዎ አዳምጠው ያውቃሉ?»

«እኔ የማዳምጠው ለጋሾችን ነው።»

ማሞ ቅዳሜ ስድስት ተኩል ላይ ወጥቶ የእህቱ ልጅ ሰርግ ላይ ነበር፤ በቪዲዮው ውስጥ እስክስታ ሲወርድ ይታያል። ምስክርነቱ እንኳን በፖሊስ በዘመድም አይስተባበልም። ሣባን ወደ ሟች ጠረጴዛ ወሰዳት።

«ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ምፅዋ። ከሞተሩ ክፍል ጎን ቁጭ ብለው ከባሕሩ ሥር የሚመጣውን ያዳምጡ ነበር። በሃያ ዓመታቸው ዶልፊን ሰምተው ከዚያ ወዲህ ሌላ ድምፅ አላረካቸውም። የይለፍ ቃላቸውን እንኳ ምፅዋ ነው ያሉት፤ ይኸው።» ኪቦርዱን አነሳ፤ ሥሩ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይህንን ማን ያውቃል?»

«የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

«ከሌላዋ አዳማጭ፣ ከዊንታ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

«በቀን ሁለቴ ይጣላሉ። ጠዋት በቁጥር ዘጠኝ፣ ከሰዓት በዚህ ቻርጀር።» ከጠረጴዛው ሥር የተሰካ አሮጌ የስልክ ቻርጀር አሳያት። «ይጮኻል ትላለች። እኔ ምንም አይሰማኝም። ጋሽ ኣምዴም "ልጄ፣ ቅዠት ነው" ይሏታል። እሷ ትነቅለዋለች፣ እሳቸው ይሰኩታል።»

ሣባ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ምንም የለም።

ዊንታ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት እዚህ ሠርታለች። የምትናገረው ቀስ ብላ ነው፤ ሌላው ሰው እስኪደርስባት የምትጠብቅ ይመስላል።

«ቁጥር ዘጠኝ ማነው?» አለቻት ሣባ።

«ዶልፊን ነው፤ የቁጥር አራት ልጅ። ከስምንት ወር ወዲህ ቀረጻው ውስጥ የለም። እናቱ ግን ስሙን ትጠራለች። ቀጥኖ፣ በጣም ላይ ላይ ብሎ ነው የሚመጣው።»

«እና?»

«እናማ፣ የሌለን ሰው ስም ማንሳት የሰው ብቻ ነው ይባላል። ጋሽ ኣምዴ ራሳቸው "ሐሜት ከሌለ ቋንቋ የለም፤ ዶልፊን ደግሞ አያማም" ይሉ ነበር። እሷ የሌለውን ልጇን እያነሳች ነው። በየሳምንቱ ምልክት አደርጋለሁ።»

«እሳቸውስ?»

«"የለም" ይላሉ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ሄድፎኑን ሰጠቻት። ሣባ ውኃ ሰማች፤ ራቅ ያለ ሞተር ሰማች፤ አንድ ነገር ሲቀጠቀጥ ሰማች። ዊንታ በጣቷ ጠረጴዛውን ነካ አደረገች፦ አሁን። ትንሽ ቆይታ ደገመች፦ አሁን።

ሣባ ሄድፎኑን አውርዳ ማስታወሻዋ ላይ «አልሰማሁም» ብላ ጻፈች። ዊንታ ጽሑፉን ከወዲያ ሆና ገልብጣ አነበበችው።

«"የለም" አላሉም» አለች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ።

«ቅዳሜ መቼ ወጣሽ?»

«ሩብ ጉዳይ ለስምንት። ቦሌ አራብሳ ነው የምኖረው። እስኪመሽ ድረስ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ፤ ጎረቤቶቼ አይተውኛል።»

«ምን ስትሠሪ?»

«ሄድፎን አድርጌ ሙዚቃ ስሰማ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ሆነሽ ትሠሪያለሽ አሉኝ።»

«ሁልጊዜ። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር።»

የቀረው የረቡዕ ክፍል በሙሉ የብስጭት ነበር። ሣባ የአቶ ኣምደሚካኤልን የሥራ መዝገብ አትሙልኝ አለች፤ መብራት ጠፋ። መብራት መጣ፤ ወረቀት አለቀ። አብኔዘር የቀረጻዎቹን ሥዕል ውጭ ካሉት ሰዎች እንዲያስመጣ አዘዘችው፤ ሰዎቹ ኢሜይሉ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፣ የሚመለከተው ባልደረባችን ዕረፍት ላይ ነው ብለው መለሱ። «ሰው ታስሯል በላቸው» አለች ሣባ። አብኔዘር ጻፈ። ሰዎቹ በጣም አዘኑ።

ኮማንደር ይሕደጎ ሁለት ጊዜ ደወለ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«ሥዕል።»

«የማንን?»

«የፉጨት።»

ኮማንደሩ ስልኩን ዘጋ።

ወረቀቱ ሲገኝ መዝገቡ ታተመ። የቅዳሜው ገጽ እንግዳ ነበር። አቶ ኣምደሚካኤል እስከ ሰባት ሰዓት ከሃያ ሠርተዋል፤ ከዚያ ዝም። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ እንደገና ይጀምራሉ፤ ዘጠኝ ከአርባ ላይ ያበቃል። በዚያ ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ አዲስ ነገር አላዳመጡም። በወሩ ውስጥ «የለም» ብለው የሰረዟቸውን ሃያ የዊንታ ምልክቶች ከፍተው አሥራ አራቱን «አለ» ብለዋል። ስድስቱን እንደተሰረዙ ትተዋቸዋል።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዕረፍት ላይ የነበረው ባልደረባ ከዕረፍቱ ሆኖ ሥዕሎቹን ላከ። ሣባ ወረቀቱን ከወረቀቱ ጎን አድርጋ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ከዚያ ኮማንደሩን ጠራችው። ሐሩንንም እንዲያመጡት አዘዘች።

ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ሁሉም በእንቁላል ካርቶኑ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮማንደሩ በሩ ጋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሐሩን በካቴና ከጎኑ ነው። አብኔዘርና ማሞ ተቀምጠዋል። መጨረሻ የገባችው ዊንታ ናት። ወንበሯን ሳበች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ከሟች ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላ ቻርጀሩን ነቀለችና ተቀመጠች።

«ለምን ነቀልሽው?» አለች ሣባ።

«ይጮኻል።»

«ማን ሌላ ሰማ?»

ሰዎቹ ተያዩ።

«እኔም አልሰማሁም፤ እናንተ ሳትመጡ የሰካሁት ግን እኔ ነኝ» አለች ሣባ። «ሰው ሲያረጅ ከጆሮው መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። አቶ ኣምደሚካኤል ደግሞ ሞተር ጎን የኖሩ ሰው ናቸው። ወንድ ዜና ሲያነብ ይበዛባቸዋል፣ ሴት ስታነብ አይሰማቸውም። ሐሩን ነግሮኛል፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ። ሥዕሎቹ እዚህ አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከዚህ መስመር በላይ ያለ ቀጭን ፉጨት አንድም ቀን "አለ" ብለው አያውቁም። አንድም።»

«ጋሽ ኣምዴ ጆሯቸው...» ማሞ አልጨረሰውም።

«ቅዳሜ ግን አሥራ አራቱን ሰሙ። ከሞቱ በኋላ ጆሯቸው ተሻላቸው።»

ኮማንደሩ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ከሰባት ሰዓት ከሃያ በኋላ እሳቸው የሉም። ስምንት ሰዓት ላይ ሐሩን ሦስት ጊዜ ጠርቷቸው አልመለሱም። ሲወድቁም ማንም አልሰማም፤ ግራይንደሩ ሲሠራ ነበርና። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ቢወድቁ ኖሮ ብረት ቤቱ ተዘግቷል፣ ግቢው ጸጥ ብሏል፤ ላሜራ ላይ ሰው ሲወድቅ ቦሌ መድኃኔዓለም ድረስ ይሰማ ነበር። ስለዚህ በኋላ በይለፍ ቃላቸው ገብቶ በስማቸው የሠራው ሌላ ሰው ነው። ማሞ፣ ዶልፊን የሌላውን ስም የሚያፏጨው ለምንድነው?»

«ሊጠራው ነዋ።»

«በሌላው ስም ሥራ ሊያስገባ አይደለም?»

«እስካሁን አልተገኘም።»

«እኔን እንዳታዩኝ» አለ አብኔዘር። «ምልክቱ ሲበዛ ሪፖርቱ ያምራል፣ እሺ፤ ግን እኔ...»

«እርስዎ ቢሆኑ ሃያውንም ያጸድቁ ነበር» አለችው ሣባ። «የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቂያ የለዎትም። ይህ ሰው ግን አሥራ አራቱን ብቻ ነው የመረጠው። ሥዕሉን አየሁ። አሥራ አራቱ ፉጨት ናቸው። ስድስቱ የጀልባ ሞተር ናቸው። አንድ አልተሳሳተም። ከእናንተ ውስጥ ይህን መለየት የሚችል አንድ ጆሮ ነው። ሰባት ከሃምሳ ላይ ከዚህ የተሳፈረ ሰው አራብሳ ሲደርስ ስምንት ከሃምሳ ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ በራሷ ስም የምትሠራው ልጅ ያን ቀን በራሷ ስም ምንም አልሠራችም።»

ወደ ዊንታ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ስድስቱን ለምን ተውሻቸው?»

ዊንታ ጥያቄው የገረማት መሰለች።

«የሉማ» አለች። «ሞተር ነው። መጀመሪያ ምልክት ሳደርግ ተሳስቼ ነበር።»

ግራይንደሩ ከሥር ጀመረ፤ ቆመ።

«ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቻርጀሩን ሰካሁት» አለች ዊንታ፣ ሳትጠየቅ። «"ይህን ይሰማሉ?" አልኳቸው። "ምኑን?" አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ሦስት ዓመት! "ጋሽ ኣምዴ፣ አይሰሙም እኮ" አልኳቸው። "የማልሰማው ነገር የለም ማለት ነው" ብለው ሲጋራቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። ተከተልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ገፋሁ።» እጇን አየች። «ወዲያው ስማቸውን ጠራሁ።»



«ይህ ሰውስ?» አለች ሣባ ወደ ሐሩን እየጠቆመች። «አምስት ቀን።»

«በረንዳው መከለያ የለውም፤ ወድቀው ነው ይባላል ብዬ ነበር። እሱን ይይዙታል ብዬ አላሰብኩም። ከያዙት በኋላ... መናገር አቃተኝ።»

ሐሩን በታሰሩ እጆቹ አገጩን አከከ። «ቅዳሜ ስትወጪ ደህና ዋይ ብዬሽ አልመለስሽልኝም» አላት። «አሟት ይሆናል ብዬ ነበር።»

ዊንታ ያለቀሰችው ይህን ጊዜ ነው።

ሊወስዷት ሲነሱ አብኔዘር ሣባን ወደ ጎን ሳባት። «ኢንስፔክተር፣ ሶሪ፣ አንድ ጥያቄ። አሥራ አራቱ እንግዲህ ትክክል ከሆኑ... ሪፖርቱ ላይ ማስገባት እንችላለን?»

ሣባ እስከ አምስት ቆጠረች። ከዚያ እስከ አሥር ቀጠለች።

ኮማንደሩ ካቴናውን በራሱ እጅ ፈታው። ሣባ የሐሩንን ግማሽ ገጽ ቃል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ባዶው ቦታ ላይ እየተናገረች ጻፈች፦ «ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ጠራኋቸው፤ አልመለሱም።» አስፈረመችው።

«አሁን ምን ያደርጋል?» አላት ኮማንደሩ። «ተፈቷል እኮ።»

«ብሎ ነበራ።»

ሲቲ ከጣቢያው ተከትላ መጥታ፣ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ግቢው በር ላይ ቆማለች። ሐሩን አልፏት ሄደ፤ ወደ ዘበኛ ቤቱ ገባ። ከቅዳሜ ወዲህ መዝገቡን የነካው የለም። እስክሪብቶውን ፈልጎ አገኘ፤ ቀኑን ጻፈ። ዊንታ፣ መውጫ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። መመለሻ የሚለውን ቦታ ትንሽ አየውና ባዶውን ተወው።